ደራሽ ውሃና ሁለቱ ሰዓቶች፦ ከጎረቤላ ገደሎች እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበው ለዕረፍት ቀናቸው የተራራ ጉዞ ሲያቅዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ መኪና ኪራይ፣ ስለ ስንቅና ስለ ካሜራ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ጉዞው ወደ ጠባብ ሸለቆ ወይም ወደ ዋሻ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከላይ ዝናብ ቢጥል ውሃው እኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? እኛስ ለመውጣት ስንት ደቂቃ ያስፈልገናል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ሰዓቶች በካርታና በቀላል ስሌት እንዴት ማነጻጸር እንደሚቻል እንመለከታለን።

የወንዝ ሸለቆን ተከትሎ በእግር፣ በዋናና በገመድ እየታገዙ መውረድ በውጭው ዓለም «ካንዮኒንግ» በሚል ስም የታወቀ ስፖርት ነው። በአልፕስ ተራሮች ብዙ ተከታዮች አሉት። ለአገራችን ተማሪ ግን ተመሳሳይ መልክዓ ምድር ለማየት ባሕር መሻገር አያሻውም።

ጎረቤላ በምን ዓይነት ቦታ ላይ ትገኛለች?

የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን በስተ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። አፋፉ በብዙ ስፍራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከዚያ ምድሩ በአጭር ርቀት በአልዩ አምባ አቅጣጫ ወደ ቆላው ያዘቀዝቃል።

ይህ አፋፍ ውሃ ከፋይም ነው። በስተ ምዕራብ በደብረ ብርሃን ሜዳ የሚጥለው ዝናብ በበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተ ምሥራቅ የሚጥለው ደግሞ በጎረቤላ አካባቢ ጅረቶች አልፎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል። ስለዚህ ተጓዡ ሊሠጋ የሚገባው በሰማይ ላይ የሚታየውን ደመና ሁሉ ሳይሆን፣ እርሱ ሊገባበት ካሰበው ሸለቆ ተፋሰስ በላይ ያንዣበበውን ደመና ነው። ይህን ለይቶ የሚያሳየው ካርታ ነው።

የአካባቢው ዓለት በአመዛኙ እሳተ ገሞራ ወለድ ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ታላቅ የላቫ ፍሰት የተጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ አንዱ ፍሰት በሌላው ላይ ሲነባበር ደረጃ የመሰሉ ገደሎች ተፈጥረዋል። በጠንካራው የባዛልት ንብርብር ሥር ያለውን ለስላሳ አመዳም ዓለት ውሃ ሲሸረሽረው ከላይ ጣሪያ ያለው ጥልቀት የሌለው ዋሻ ይቀራል። ረጅምና ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ዋሻ የሚፈልግ ሰው ግን ወደ በሃ ድንጋይ አካባቢ መሄድ ይኖርበታል።

ደራሽ ውሃ በቁጥር ሲገለጽ

ሕዝባችን ድንገተኛ ጎርፍን «ደራሽ» ብሎ ይጠራዋል። ስያሜው ሳይንሳዊ ፍሬ ነገሩን ይዟል፤ ውሃው ከሌላ ስፍራ ተነሥቶ፣ ፀሐይ በወጣበት ቦታ ላይ ሊደርስ ይችላልና።

ለምሳሌ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ተፋሰስ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል። 10,000,000 ካሬ ሜትር በ0.02 ሜትር ሲባዛ 200,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ግማሹ ወደ መሬት ሰርጎ የቀረው ግማሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወርድ እንኳ፣ በየሴኮንዱ 28 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም 28 ቶን ውሃ በጠባቡ ሸለቆ ያልፋል። ጠዋት ቁርጭምጭሚት ያልደረሰው ጅረት ከቀትር በኋላ ሰው የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

የውሃ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩየር ልክ ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚፈስ ውሃ በአንድ የቆመ ሰው እግርና ወገብ ላይ 250 ኒውተን ያህል ኃይል ቢያሳርፍ፣ ፍጥነቱ ወደ 2 ሜትር ሲያድግ ኃይሉ 1,000 ኒውተን፣ ወደ 3 ሜትር ሲያድግ 2,250 ኒውተን ይሆናል። የሰው ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ጋር አብሮ አያድግም።

በሐምሌ 1991 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በኢንተርላከን አቅራቢያ በሚገኘው የሳክሰተንባኽ ሸለቆ ካንዮኒንግ ላይ የነበሩ 21 ሰዎች ሕይወታቸው ያለፈው በደራሽ ውሃ ነው። ከሟቾቹ መካከል አስጎብኚዎች ይገኙባቸዋል። ማዕበሉ የወረደው ከእነርሱ በላይ ባለው ተፋሰስ ላይ ነበር።

ሁለቱን ሰዓቶች ማነጻጸር

የመጀመሪያው የውሃው ሰዓት ነው። ከተፋሰሱ ራስ እስከ ሸለቆው ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር፣ የውሃው ፍጥነት በሴኮንድ 3 ሜትር ቢሆን፣ ጎርፉ በ28 ደቂቃ ያህል ይደርሳል።

ሁለተኛው የእኛ ሰዓት ነው። 15 ተማሪዎች በአንድ ገመድ ፏፏቴ የሚወርዱ፣ እያንዳንዳቸውም 4 ደቂቃ የሚፈጁ ከሆነ፣ የመጨረሻው ሰው እግሩ መሬት የሚረግጠው ከ60 ደቂቃ በኋላ ነው። ወደ ደረቅ ከፍታ መውጫው ገና አልተቆጠረም። 28 ከ60 ያንሳልና ይህ ጉዞ ገና በወረቀት ላይ ሳለ መሰረዝ አለበት። ቡድኑ ወደ 6 ሰው ቢቀንስ፣ ሁለት ገመድ ቢዘረጋና በ10 ደቂቃ የሚወጣበት የጎን መንገድ ያለው ሸለቆ ቢመረጥ፣ ሰዓቱ ወደ 22 ደቂቃ ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ይህ የ6 ደቂቃ ብልጫ ሊያኩራራን አይገባም። የውሃው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ዝናቡ ሲጥል እንጂ እኛ ስናውቅ አይደለምና። ስለዚህ ስሌቱ የሚያገለግለው በደረቅ ወቅት ሸለቆ ለመምረጥ እንጂ በዝናብ ወቅት ለመድፈር አይደለም። በዚህ አፋፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ካለው ክረምት ሌላ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ይጠበቃል። የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የደጋው ሌሊት ብርድ ይጸናል፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወስድ ደረቅ ቅያሪ ልብስ ከስንቅ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ዋሻም ከዚህ ሕግ አያመልጥም

በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የወይብ ወንዝ በበሃ ድንጋይ ውስጥ ሰርስሮ የሠራው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ውሃ ቀላል አሲድ ሆኖ ካልሲየም ካርቦኔትን ያሟሟል። ዋሻውን የሠራው ውሃ ዛሬም በውስጡ ያልፋል፤ ምንጩም የባሌ ተራሮች ናቸው። ስለዚህ በዋሻው ደጅ ያለው ደረቅ ሰማይ ዋስትና አይሆንም።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በታይላንድ 12 ታዳጊዎች ከአሠልጣኛቸው ጋር ወደ ታም ሉዋንግ ዋሻ ከገቡ በኋላ ጎርፍ መውጫውን ዘጋባቸው። የመጨረሻዎቹ የወጡት ከ17 ቀናት በኋላ ነው፤ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂም በነፍስ አድን ሥራው ላይ ሕይወቱን አጥቷል።

የሌሊት ወፍ በሚበዛበት ዋሻ መግባትም አይመከርም። በኬንያ በኤልገን ተራራ የሚገኘውን የኪቱም ዋሻ ከጎበኙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 በማርበርግ ቫይረስ የታመሙ ነበሩ። በዋሻ ወለል ላይ የሚገኝ አጥንት ወይም ሸክላም አይነካም። በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የተገኘ የ4,500 ዓመት አጽም በ2008 ዓ.ም. ይፋ ለሆነው የጥንት አፍሪካዊ ሰው ሙሉ ጂኖም መሠረት የሆነው፣ ሳይነካካ ስለቆየ ነው። ሶፍ ዑመር የሃይማኖት ስፍራ በመሆኑም አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው።

ከመነሣት በፊት

1. በ1፡50,000 ካርታ ላይ ውሃ ከፋዩን በእርሳስ አስምሩ፤ 4 ካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።
2. የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ተከታተሉ፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ገበሬዎችንም ጠይቁ። የትኛው ጅረት መቼ እንደሚሞላ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።
3. ገመድ ልምድ ያለው ሰው በሌለበት አይዘረጋም። ሁልጊዜ በሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች ይያዝ። በማሰሪያዎቹ መካከል ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ሙሉውን ጭነት ይሸከማል፤ 60 ዲግሪ ከሆነ 58 በመቶውን ብቻ።
4. የት እንደገባችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ የሚያውቅ ሰው በጎረቤላ ይቅር።
5. ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወይም ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ጎን ከፍታ ውጡ። ወደ ታች መሮጥ ከውሃ ጋር መሽቀዳደም ነው።

መልመጃ፦ በአቅራቢያችሁ ያለ አንድ ጅረት ምረጡ፤ ተፋሰሱን በካርታ ለክታችሁ ሁለቱን ሰዓቶች አስሉ። ውጤቱ «አትግቡ» ከሆነ ትምህርቱ ግቡን መትቷል፤ ሸለቆው በሚቀጥለው ጥቅምትም በስፍራው ይጠብቃችኋል።