በበረዶ ላይ እንጀራ ፍለጋ

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ለራዲዮ ፕሮግራሜ ወሬ ፍለጋ ነው የመጣሁት። እርስዎ ብራቲስላቫ ተምረዋል። 5 ሚሊዮን ተኩል እንኳ የማይሞላው የስሎቫክ ሕዝብ ይህን ሁሉ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ለአሜሪካና ለካናዳ ክለቦች እንዴት አፈራ?

ጋሼ፦ ማፍራቱ ቀላሉ ነው። ብርድ አለ፣ በየከተማው የበረዶ ሜዳ አለ፣ አባት ለልጁ ዱላ ይሰጠዋል። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ እንዴት እንደወጡ ነው። የስሎቫክ ተጫዋች ኑሮ ከአገር የመውጣት ኑሮ ነው፤ በየዘመኑ የተለያየው መውጫው በርና የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

ወጣቷ፦ የመጀመሪያው ማን ነበር?

ጋሼ፦ ዝናው የገነነው ስታን ሚኪታ ነው። በ1940 በፈረንጆቹ፣ ሶኮልቼ በምትባል መንደር ስታኒስላቭ ግቮት ተብሎ ተወለደ። መንደሯን ዛሬ ብትፈልጊ አታገኚያትም፤ የግድብ ውሃ ውጧታል። በ1948 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ ወላጆቹ ካናዳ ለሚኖሩ ዘመዶቹ በማደጎ ሰጡት። የ8 ዓመት ልጅ! ስሙንም የወሰደው ከእነሱ ነው። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ክለብ፣ ለቺካጎ ተጫወተ። ሲጀምር በጠበኝነቱ ቅጣት የሚያበዛ ነበር፤ ኋላ ሰከነና በ1967 እና በ1968 የጨዋ ተጫዋችነትን ሽልማት ከኮከብ ተጫዋችነት ጋር ደርቦ ወሰደ። ግን እሱን ያሠለጠነችው ካናዳ ናት። ስሎቫኪያ ሠርታ ያወጣቻቸውን ከፈለግሽ ወደ ሽታስትኒ ወንድማማቾች እንሂድ።

ወጣቷ፦ እነሱ የከዱት ናቸው?

ጋሼ፦ “ከዱ” ያለው መንግሥቱ ነው። ሦስቱም የስሎቫን ብራቲስላቫ አጥቂዎች ነበሩ፤ ክለቡ በ1979 የቼኮዝሎቫኪያ ሻምፒዮን ሆኗል። በነሐሴ 1980 ለአውሮፓ ዋንጫ ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ ሄዱ። መካከለኛው ወንድም ፒተር ከዚያ ሆኖ ካናዳ ላለው የኩዌቤክ ክለብ ደወለ። የክለቡ ሰዎች በአውሮፕላን መጡ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ፒተር፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱና ታናሹ አንቶን በመኪና ወደ ቪየና ገሰገሱ፤ ከዚያ ካናዳ። እኛ ተማሪዎቹ ዶርም ውስጥ ወሬውን የሰማነው በሹክሹክታ ነበር።

ወጣቷ፦ ሦስተኛውስ?

ጋሼ፦ ማሪያን ታላቃቸው ነው። ሚስትና ልጆቹ ብራቲስላቫ ስለነበሩ ቀረ። ዋጋውን የከፈለው እሱ ነው፤ እንዳይጫወት ታገደ፤ የሕግ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። በ1981 ቤተሰቡን ይዞ አመለጠና ወንድሞቹን ተቀላቀለ። ሰው ሁሉ የፒተርን 109 ነጥብ ያወራል፤ እኔ ግን የማሪያን ያቺ አንድ ዓመት ትበልጥብኛለች።

ወጣቷ፦ 109 ነጥብ ማለት?

ጋሼ፦ በሆኪ ጎል ላገባም፣ ለጎሉ ላቀበለም አንድ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ፒተር በመጀመሪያ ዓመቱ 109 አገኘ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። የካቲት 1981 ላይ ዋሽንግተንን 11 ለ 7 ሲያሸንፉ እሱና አንቶን በአንድ ምሽት እያንዳንዳቸው 8 ነጥብ አስመዘገቡ። ፒተር 4 አገባ፣ 4 አቀበለ፤ አንቶን 3 አገባ፣ 5 አቀበለ። በ1980ዎቹ ከፒተር በላይ ነጥብ የሰበሰበ ዌይን ግሬትስኪ ብቻ ነው።

ወጣቷ፦ ኮሚኒስቶቹ ከወደቁ በኋላስ?

ጋሼ፦ በሩ ተከፈተ። ዝዴኖ ቻራን ውሰጂ። የትሬንቺን ልጅ ነው፤ አባቱ ኦሊምፒክ የደረሰ የትግል ስፖርተኛ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም! “አንተስ ቅርጫት ኳስ ይሻልሃል” ያሉት አሰልጣኞች ነበሩ። በ1996 በድራፍቱ፣ ክለቦች ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ማለቴ ነው፣ 56ኛ ሆኖ ተመረጠ። በ19 ዓመቱ ምዕራብ ካናዳ፣ ፕሪንስ ጆርጅ ገብቶ በወጣቶች ሊግ ጨዋታውን አዲስ እንደሚጀምር ሰው ተማረ። ኋላ የቦስተን አምበል ሆነ፤ በ2011 የሰሜን አሜሪካው ሊግ ሻምፒዮን የሚያነሳውን የስታንሊን ዋንጫ አነሳ። በ2019 ፍጻሜ መንጋጋው ተሰብሮ እያለ በቀጣዩ ጨዋታ ገባ። 1,680 ጨዋታ፤ ይህን ያህል የተጫወተ ተከላካይ የለም።

ወጣቷ፦ ሁሉም ከወጣ ብሔራዊ ቡድኑ ምን ይሆናል?

ጋሼ፦ እየተመለሱ ይጫወቱለታል። አገሪቱ በ1993 ከቼክ ስትለይ በዓለም ሻምፒዮና የቼኮዝሎቫኪያን ቦታ ቼኮች ያዙት፤ ስሎቫኮች ከሦስተኛው ምድብ ጀመሩ። በ1994 ኦሊምፒክ ባንዲራ የያዘው ያው ፒተር ሽታስትኒ ነበር፣ በ37 ዓመቱ። በ2002 ጎተንበርግ ላይ ሩሲያን 4 ለ 3 ረትተው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ማሸነፊያዋን ፒተር ቦንድራ ያገባት ሁለት ደቂቃ ሳይቀር ነው።

ወጣቷ፦ የዛሬዎቹ ወጣቶችስ?

ጋሼ፦ ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ይወጣሉ። የኮሺትሴው ዩራይ ስላፍኮቭስኪ ታዳጊ ሳለ ፊንላንድ ገባ፤ በ17 ዓመቱ ቤይጂንግ ኦሊምፒክ ላይ 7 ጎል አግብቶ ኮከብ ተባለ፤ አገሩም ነሐስ አገኘች። በዚያው 2022 በድራፍቱ አንደኛ እሱ፣ ሁለተኛ ሺሞን ኔሜትስ፤ ሁለቱም ስሎቫክ! ለልጆቹ ደስ ይለኛል። የአገር ቤቱ ሊግ ግን እንደ ስላፍኮቭስኪ ያሉትን ሳያያቸው ማለፋቸው አይዋጥልኝም። ደግሞ አትሳሳቺ፤ አብዛኛው ባለሙያ ተጫዋች አሜሪካን አያያትም። ከአገሩ ሊግ ወደ ቼክ፣ ወደ ጀርመን፣ መልሶ ወደ አገሩ፣ በአጭር ውል እየተዘዋወረ ነው የሚያረጀው።

ወጣቷ፦ አሜሪካ የደረሰውስ እንዴት ነው የሚጨርሰው?

ጋሼ፦ አንዳንዴ በወረቀት። ማሪያን ሆሳ በ2008 ከፒትስበርግ ጋር ሆኖ በዲትሮይት በፍጻሜ ተሸነፈ። ዋንጫ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ሄደ፤ በ2009 ደግሞ ፒትስበርግ አሸነፈው።

ወጣቷ፦ ኧረ!

ጋሼ፦ በሦስተኛው ዓመት በቺካጎ ተሳካለት፤ ሁለት ዋንጫም ጨመረ። በ2017 ግን ከመከላከያ ልብሱ ጋር የማይስማማ የቆዳ ሕመም ጠናበትና አቆመ። ውሉ የ12 ዓመት ስለነበር ገና ይቀረዋል። “ጫማዬን ሰቅያለሁ” ቢል ክለብ ለደመወዝ የሚያወጣውን በሚገድበው የደመወዝ ጣሪያ ሕግ ክለቡ ይቀጣል። ስለዚህ በሕመምተኛነት ተመዝግቦ ቆየ፤ በ2018 ውሉን ለአሪዞና አሳልፈው ሰጡ።

ወጣቷ፦ ለአሪዞና ተጫውቷል እንበል ወይስ አልተጫወተም?

ጋሼ፦ አንድም ቀን! ውሉ ካለቀ በኋላ፣ በ2022፣ ቺካጎ የራሱ ሰው ሆኖ እንዲሰናበት ብሎ ለአንድ ቀን አስፈረመው፤ በዚያው ዓመት 81 ቁጥሩን ሌላ እንዳይለብሰው ማሊያውን አዳራሹ ጣሪያ ላይ ሰቀለለት።