የመኪና ባትሪን ቦታ መቀየር፦ ፊዚክስ ምን ይላል?

የአብዛኞቹን መኪኖች ኮፈን ስንከፍት ባትሪውን ከሞተሩ አጠገብ እናገኘዋለን። የማዝዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ ያቀረባት ኤምኤክስ-5 የተባለች ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ግን ባትሪዋ ከኋላ፣ ዕቃ በሚጫንበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የስፖርት መኪና ወዳጆችም ከፊት የነበረውን ባትሪ ነቅለው ወደ ኋላ የሚወስዱበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ በዚህ ለውጥ የሚገኘው ጥቅም ምንድን ነው? የሚከፈለውስ ዋጋ?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በዶዮገና ጎዳናዎች ላይ የስፖርት መኪና ማየት ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ባትሪ ማስቀየር፣ ሽቦ ማስቀጠል፣ ተጨማሪ መብራትና የድምፅ መሣሪያ ማስገጠም በእነዚህ ከተሞችም የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በስፖርት መኪና ላይ የሚሠራው የፊዚክስ ሕግ በባጃጅና በሚኒባስም ላይ ያው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በቁጥር አስደግፈን እንመርምረው።

ሀ. የሚዛን ጥያቄ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጠቅላላ መጠነ ቁሷ 1000 ኪሎ ግራም፣ በፊትና በኋላ አክስሎቿ መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር የሆነ መኪና አለች እንበል። ሞተሯ ከፊት ስለሆነ 600 ኪሎ ግራሙ በፊት ጎማዎች፣ 400 ኪሎ ግራሙ ደግሞ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ባትሪዋ ከፊት አክስል 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ ተቀምጧል። ይህንኑ ባትሪ ከኋላው አክስል 30 ሳንቲ ሜትር አሳልፈን ብናስቀምጠው በጠቅላላው 3 ሜትር ይጓዛል። በሞመንት ሕግ መሠረት ከፊት ጎማዎች ወደ ኋላ ጎማዎች የሚተላለፈው ጭነት፦

15 × 3 ÷ 2.4 = 18.75 ኪሎ ግራም

ይሆናል። 15 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን ዕቃ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ጭነት ማዛወሩ ሊያስደንቅ ይችላል። ምክንያቱ ባትሪው ከሁለቱ አክስሎች ውጭ በመቀመጡ እንደ መፈንቅል መሥራቱ ነው። በዚህ ለውጥ የፊት ጎማዎች ድርሻ ከ60 በመቶ ወደ 58.1 በመቶ ይወርዳል፤ የመኪናዋ የመጠነ ቁስ ማዕከልም 4.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል።

ይህ ለስፖርት መኪና ነጂ ትርጉም አለው። የጎማ መሬት የመያዝ አቅም ጭነቱ በጨመረው ልክ አያድግም፤ ከጭነቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ጭነቱ ለአራቱም ጎማዎች ተቀራራቢ ሆኖ ሲከፋፈል መኪናዋ ኩርባን በተሻለ ፍጥነት ትዞራለች።

ነገር ግን ሌላም ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። መኪና በምትዞርበት ጊዜ በራሷ ማዕከል ዙሪያም ትሽከረከራለች። ይህን ሽክርክሪት የሚቃወመው የመሽከርከር ኢነርሺያ የሚለካው መጠነ ቁስን በርቀት ስኩዌር በማባዛት ነው። በምሳሌያችን ባትሪው መጀመሪያ ከማዕከሉ 1.26 ሜትር ይርቅ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ጫፍ ሲወሰድ ግን ከቀድሞው ማዕከል 1.74 ሜትር ይርቃል። በዚህም የመኪናዋ ኢነርሺያ በ20 ኪሎ ግራም ሜትር ስኩዌር ያህል ይጨምራል። ባትሪውን ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከማዕከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ አርቀን ብናስቀምጠው ግን ኢነርሺያው በ19 ያህል ይቀንሳል፤ 11.6 ኪሎ ግራም ጭነትም ወደ ኋላ ይተላለፋል። እንግዲህ “ወደ ኋላ” ማለት ሁልጊዜ “ወደ መጨረሻው ጫፍ” ማለት አይደለም።

ለ. የሽቦው ዋጋ

ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ በአነስተኛ የቤንዚን መኪና እንኳ 200 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ባትሪው ከሞተሩ አጠገብ ሲሆን ይህ ኮረንቲ የሚጓዘው አጭር መንገድ ነው። ወደ ኋላ ሲወሰድ ግን 5 ሜትር ያህል ሽቦ ያስፈልጋል።

አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የመስቀለኛ ስፋት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.017 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ስለዚህ የ5 ሜትርና የ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተቃውሞ፦

0.017 × 5 ÷ 16 = 0.0053 ኦም

ነው። ቁጥሩ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። በ200 አምፔር ስናባዛው ግን 1.06 ቮልት በመንገድ ላይ እንደሚቀር እንረዳለን። ያረጀ ባትሪ በብርዳማ ማለዳ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር ራሱ ብዙ ቮልት ያጣል። በዚያ ላይ አንድ ቮልት ከተቀነሰ ሞተሪኖው “ጠቅ” ብሎ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ሽቦውን ማወፈር ነው። 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ብናደርገው የሚጠፋው 0.34 ቮልት ብቻ ይሆናል። ነገር ግን 5 ሜትር የሚሆነው የዚህ ሽቦ መዳብ ብቻውን 2.24 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክብደት ለማስተካከል ብለን ክብደት ጨመርን ማለት ነው።

ሐ. ከሁሉ የሚብሰው፦ ሽቦው መሬት ሲነካ

እስካሁን ያየነው የጥቅምና የኪሳራ ስሌት ነው፤ አሁን ወደ ሕይወት ጉዳይ እንገባለን። ከኋላ ወደ ፊት የሚሄደው ሽቦ በብረት ቀዳዳዎች፣ በምንጣፍና በመቀመጫ ሥር ያልፋል። መኪናዋ ኮረኮንች በነካች ቁጥር ይተሻሻል። ልባሱ ተልጦ የመኪናዋን ብረታማ አካል ቢነካ ምን ይፈጠራል?

የባትሪውን ውስጣዊ ተቃውሞ 0.01 ኦም ብንወስድ፣ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ሽቦ ውስጥ ከ800 አምፔር በላይ ይፈሳል። በሽቦው ላይ ብቻ 3.6 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። የሽቦው መዳብ 0.72 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ የሙቀት መጠኑ በየሰከንዱ በ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምራል። በ10 ሰከንድ ውስጥ 130 ዲግሪ ጨመረ ማለት ነው! የፕላስቲክ ልባሱ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፤ ከጎኑ ያለው ምንጣፍም ሊቀጣጠል ይችላል።

በዚህ ምክንያት ፊውዝ የግድ ነው፤ ቦታውም ወሳኝ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ስለሆነ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት መተከል አለበት። በሞተሩ በኩል የተተከለ ፊውዝ በመካከል ያለውን 5 ሜትር አይጠብቅም።

መ. የማይታየው ጋዝ

ባትሪው ከሞላ በኋላ ኮረንቲ መቀበሉን ከቀጠለ በውስጡ ያለው ውኃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይበተናል። በፋራዳይ ሕግ ስናሰላ ስድስት ሴል ያለው ባለ12 ቮልት ባትሪ ከመጠን በላይ በተሞላበት በእያንዳንዱ አምፔር-ሰዓት፣ በባሕር ጠለልና በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 2.5 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይለቃል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያው ጋዝ 3.5 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል።

ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል። 250 ሊትር በሚሆን ዝግ የዕቃ ክፍል ውስጥ ይህ 10 ሊትር ብቻ ነው፤ ማለትም የ3 አምፔር-ሰዓት ያህል ትርፍ ሙሌት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ታህል ምክንያት ትሆናለች። በኤምኤክስ-5 ውስጥ የታሸገ ባትሪ መግጠምና ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ መዘርጋት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ውኃ የሚጨመርበትን ተራ ባትሪ ሰው በሚቀመጥበት ወይም አየር በማያገኝ ክፍል ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ባትሪው በግጭት ጊዜ እንዳይወረወርም ከአካሉ ጋር በብረት መታሰር ይኖርበታል።

ሠ. ለእኛ መኪኖችስ?

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ እናስብ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ተሳፋሪ ከፊት ወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ ባትሪን ያንኑ ያህል ከማዛወር አራት እጥፍ የሚበልጥ የሚዛን ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪና ባትሪን ለሚዛን ሲባል ማዛወር ትርጉም የለውም፤ አደጋው ግን ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ባትሪን ከሞተር ሙቀት ማራቅ ዕድሜውን ሊያረዝም እንደሚችል አይካድም። ይህንንም ቢሆን ያለ ወፍራም ሽቦ፣ ያለ ፊውዝና ያለ አየር መውጫ ማድረግ ትርፉ አደጋ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የባትሪ ቦታ ጥያቄ በሌላ መልክ መጥቷል። የብዙ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ስለሚመዝን መሐንዲሶች በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ከወለሉ ሥር ያነጥፉታል። ማዕከሉ ዝቅ ይላል፤ ክብደቱም ወደ መሐል ይሰበሰባል። የሽቦውን ችግር ደግሞ በከፍተኛ ቮልቴጅ ያቃልሉታል። 12 ቮልት በ200 አምፔር የሚሰጠውን 2400 ዋት፣ 400 ቮልት በ6 አምፔር ይሰጣል፤ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ከ1000 እጥፍ በላይ ያንሳል። ያ ቮልቴጅ ግን ሰውን የሚገድል ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም።

ተግባራዊ ልምምድ

1. ከመምህር ወይም ከመካኒክ ጋር ሆናችሁ በባለ12 ቮልት መኪና ላይ ሞክሩ። ማርሹን ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑን የተያዘ አድርጉ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፣ ሌላውን ወፍራሙ ሽቦ ከሞተሪኖው በሚገናኝበት ቦታ አድርጋችሁ ሞተሩ ሲነሣ ንባቡን መዝግቡ። ከ0.5 ቮልት ከበለጠ የዛገ መጋጠሚያ ወይም ቀጭን ሽቦ ፈልጉ።

2. ባትሪው 20 ኪሎ ግራም፣ የሚዛወርበት ርቀት 2 ሜትር ቢሆን በምሳሌያችን መኪና ወደ ኋላ የሚተላለፈው ጭነት ስንት ነው?

3. የአሉሚኒየም ተቃውሞ ከመዳብ 1.65 እጥፍ ይበልጣል፤ እፍጋቱ ግን 2.7 ግራም በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ሲሆን የመዳብ 8.96 ነው። እኩል ርዝመትና እኩል ተቃውሞ ላላቸው ሽቦዎች የትኛው ይቀላል? በስንት እጥፍ?

ሦስተኛውን ጥያቄ የሠራ ተማሪ፣ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች በአብዛኛው ለምን ከአሉሚኒየም እንደሚሠሩም በዚያው ይረዳል።