የላፕቶፕ ባትሪ አያያዝ

በመርካቶ ሰፈራችን ብዙ ወላጅ ለልጁ ላፕቶፕ የሚገዛው ከዕለት ገቢው ቆጥቦ ነው። እኔም ከሁለት ታናናሾቼ ጋር አንድ ላፕቶፕ እጋራለሁ፤ ባትሪው ከደከመ መብራት በጠፋ ቁጥር የሦስታችንም ጥናት ይቆማል። ስለዚህ ስለ አያያዙ የተማርሁትን ባጭሩ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ።

የዛሬ ላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። ይህን ዓይነት ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ነው። መሠረቱን የጣሉት ጉዲናፍ፥ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ብዙ ሰው «ባትሪው ጨርሶ ሳያልቅ አትሰኩት» ይላል። ይህ ምክር ለቀድሞው ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ የተነገረ ነው፤ ሊቲየምን ግን ይጎዳዋል። የሚሻለው ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ማቆየት ነው። መብራት ሊቋረጥ ነው በተባለ ቀንና በፈተና ዋዜማ 100 መሙላት አይከፋም፤ ሁልጊዜ ሞልቶ እንደ ተሰካ መክረም ግን ያስረጀዋል።

ሌላው ጠላት ሙቀት ነው። በብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ የአየር መተላለፊያው ይደፈናል፤ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ፀሐይ ላይ መተውም አይገባም። በክረምት ዕረፍት የማንሠራበት ከሆነ፥ ግማሽ ያህል ሞልተን፥ አጥፍተን፥ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ እናኑረው።

ባትሪው ካበጠ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ሳትወጉትና ሳትጫኑት፥ ከመሰካትም ተቆጥባችሁ ወደ ጥገና ባለሙያ ውሰዱት።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ወላጆቻችን የደከሙበትን ዕቃ በሚገባ እንያዝ።