መጀመሪያ በሩ፣ ከዚያ እንግዳው
ለማኅበራዊ መገናኛ ጀማሪዎች የቀረበ ትምህርት



ውድ አንባብያን! ዛሬ ዝምድናና ጉርብትና በእጅ ስልክ ላይ ሆኗል። ኮልፌ የተቀመጡ እናት ጅዳ ያለች ልጃቸውን ፊቷን እያዩ ያወሯታል። የመድረሳ ወላጆች በቴሌግራም ይነጋገራሉ፤ ለቅሶና ሠርግ የሚነገረውም በዚሁ ነው። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ወደዚህ አደባባይ የገባነው አስተማሪ ሳይኖረን ነው። አንድ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ ጥቂት ይነካካና «ተከፍቶልዎታል» ይላል፤ ትምህርቱም እዚያው ያልቃል። ለመሆኑ የተከፈተው ነገር እንዴት ይዘጋል? የዛሬው ጽሑፌ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ የምንገባበትን ቦታ እንወቅ። ፌስቡክን ማርክ ዙከርበርግና ጓደኞቹ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ነው፤ በ2006 ዕድሜው 13 ለሞላ ሁሉ ተከፈተ። ዋትስአፕ በ2009 ተጀምሮ በ2014 በፌስቡክ ተገዛ። ቴሌግራም በ2013 ተከተለ። ሁሉም አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ፌስቡክ እንደ ገበያ ነው፤ ለሁሉም ክፍት የተደረገውን አላፊ አግዳሚው ያያል፣ ይሰማል። ዋትስአፕ ወደ ሳሎን ይቀርባል፤ ስልክ ቁጥራችንን የያዘ ሰው ይመጣበታል። ቴሌግራም ሁለቱንም ነው። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ሊይዝ ስለሚችል፣ እዚያ የተጻፈ ነገር ቤት ውስጥ የተነገረ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው አንዱን ብቻ መርጦ፣ ከሚያውቃቸው ቤተሰቦች ጋር እንዲጀምር ነው።

በምኖርበት ሰፈር የደረሰውን ላካፍላችሁ። አንዲት እናት ከወዳጃቸው ስልክ «ቁጥር በስህተት ወደ አንቺ ተልኳል፤ መልሰሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት መጣላቸው። ወዳጅ ናትና ላኩላት። ወዲያው የእርሳቸው ዋትስአፕ ከእጃቸው ወጣ። የወዳጃቸውም ቢሆን ቀድሞ የተሰረቀ ነበር። ሌባው በእናትየው ስም ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጃቸው «ታምሜ ሐኪም ቤት ገብቻለሁ፤ ገንዘብ ላኪልኝ» ብሎ ጻፈ። ልትደውል ስትሞክር «ድምፄ ተዘግቷል፤ ጻፊልኝ» አላት። ልጅቱ የሁለት ወር ደመወዟን ላከች። ይህ የደረሰው እናትየው ማንበብና መጻፍ ስለተሳናቸው አይደለም፤ ያቺ ቁጥር ምን እንደሆነች የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ዋትስአፕና ቴሌግራም ባለቤቱን የሚለዩት በስልክ ቁጥሩ ነው። ማንም ሰው የእኛን ቁጥር በሌላ ስልክ ላይ አስገብቶ «እኔ ነኝ» ቢል፣ ድርጅቱ አጭር የምስጢር ቁጥር ወደ እኛ ስልክ ይልካል። ያቺን ቁጥር የያዘ የቤቱን ቁልፍ ይዟል ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት ጀማሪ ሁሉ የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

አንደኛ፤ በመልእክት የሚመጣን የምስጢር ቁጥር ለማንም አለመስጠት። ለወንድምም፣ ለኡስታዝም፣ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ለሚልም ቢሆን አይሰጥም።

ሁለተኛ፤ ሌላ ቁልፍ መጨመር። በዋትስአፕ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «አካውንት»፣ ቀጥሎ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ከፍቶ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር መሙላት ነው። በቴሌግራም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ውስጥ ይገኛል። ይህ ከተደረገ ሌባው የመጀመሪያዋን ቁጥር ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛዋ ትከለክለዋለች። የትውልድ ዘመንን ወይም 123456ን መምረጥ ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ደጃፍ ላይ እንደ መተው ነው።

ሦስተኛ፤ ማን እንደሚያየን መወሰን። በቴሌግራም ስልክ ቁጥራችንን ማን እንደሚያይ፣ ማን ወደ ግሩፕ እንደሚያስገባን እዚያው «ፕራይቬሲ» ውስጥ መገደብ ይቻላል። በተጨማሪም የዋትስአፕ ንግግር ከላኪና ከተቀባይ በቀር ድርጅቱም እንዳያነበው ተደርጎ የሚቆለፍ ሲሆን፣ በቴሌግራም ግን እንዲህ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የተባለው ብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አራተኛ፤ የገንዘብ ጥያቄን በጆሮ መስማት። በጽሑፍ ገንዘብ የጠየቀን ሰው በመደበኛ ስልክ ደውሎ ድምፁን ሳይሰሙ መላክ አይገባም። በዓረብ አገር ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከቤቱ ውጪ ማንም የማያውቀው አንዲት የመለያ ቃል ቢይዝ መልካም ነው።

አምስተኛ፤ ያላጣሩትን አለማስተላለፍ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬን ስለ ማጣራትና ስለ ሐሜት ያስተማረን በጣት ለሚጻፈውም ይሠራል። የአገሪቱ ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። «እኔ አልጻፍኩትም፤ ያስተላለፍኩት ብቻ ነው» ማለት በሰው ላይ የደረሰን ጉዳት አይመልስም።

የዋትስአፕ አካውንት ከተሰረቀስ? ሳይዘገዩ በራስ ስልክ ቁጥሩን እንደገና አስገብቶ አዲስ የምትመጣውን የምስጢር ቁጥር መሙላት ነው፤ ያን ጊዜ ሌባው ይወጣል። ምናልባት የራሱን ሁለተኛ ቁልፍ ጨምሮ ከሆነ ባለቤቱ ለመግባት 7 ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ ሌባው ግን ከቤቱ ወጥቷል። እስከዚያው ለዘመድ ወዳጅ በመደበኛ ስልክ «የእኔ አይደለም፤ ገንዘብ እንዳትልኩ» ብሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ለእናት ለአባቶቻችን ስልክ ገዝተን ሰጥተናል፤ አካውንትም ከፍተንላቸዋል። ቁልፉን ግን አላሳየናቸውም። ከፊታችን ካለው ጁሙዓ በኋላ ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠን፣ ስልኩን ከእጃቸው ሳንነጥቅ፣ በራሳቸው ጣት እየነኩ እንዲያዘጋጁት እናድርግ። በስደት አገር በላብ የተገኘ ደመወዝ በአንዲት አጭር ቁጥር እንዳይጠፋ መጠበቅ የወላጅ ሐቅን ከመወጣት የሚቆጠር ነው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።