ኳስ እንግሊዝኛ ያስተምራል እንዴ?



ሰሞኑን አንዲት እናት የ12ኛ ክፍል ልጃቸውን ይዘው መጡ። ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎታል። «ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉ አልያዝለት ሲል ኳሱን ከለከልኩት። አሁን ከደብተሩ አይነሳም» አሉኝ። «እናቴ፣ ኳሱን ይመልሱለት» ስላቸው ደነገጡ። «ምነው ዶክተር፣ ኳስ እንግሊዝኛ ያስተምራል እንዴ?»

ኳስ አያስተምርም። ግን አእምሮን ለትምህርት ያዘጋጃል። እንዴት?

ስንንቀሳቀስ ልባችን በፍጥነት ይመታል፤ ወደ አእምሮ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ የሚባል ፕሮቲንም ከፍ ይላል። ይህ ፕሮቲን የአእምሮ ሴሎችን ግንኙነት ያጠነክራል፤ አዲስ ቃል የሚቀመጠውም በዚሁ ግንኙነት ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንግሊዝኛ የሚማሩ 40 ቻይናውያን ወጣቶችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቁጭ ብለው ተማሩ። ሌሎቹ ትምህርቱ ከመጀመሩ 20 ደቂቃ በፊት የስፖርት ብስክሌት መንዳት ጀምረው፣ እየነዱ ተማሩ። ቃሉንም ዓረፍተ ነገሩንም በተሻለ የያዙት ብስክሌተኞቹ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ማሽን መፈለግ አያስፈልግም፤ ዳገቱ ይበቃናል። ከገጠር አንድ ሰዓት በእግሩ እየመጣ የሚማር ልጅማ ስፖርቱን ሠርቷል!

ምን እናድርግ?

1. ከጥናት በፊት 20 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ገመድ መዝለል ወይም ኳስ መጫወት። እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ይበቃል።
2. አምስት አዲስ ቃላት ወረቀት ላይ ጽፎ፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ እየሄዱ ድምፅ አውጥቶ መለማመድ።
3. ደክሞ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ። በባዶ ሆድ ጥናት አይገባም።
4. እንቅልፍ አይሰረቅ። ቀን የተማርነው የሚጸናው ሌሊት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል።

ጥንቃቄ፦ ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን የሚስት ወይም ከእኩዮቹ ይልቅ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ አስቀድሞ ይመርመር። ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የልብ ሕመም በአገራችን ልጆች ላይ ይታያል።

እናትየው በመጨረሻ «እንግዲያው መጀመሪያ ኳስ፣ ቀጥሎ ደብተር፤ ግን ደብተሩ እንዳይቀር!» አሉት። ልክ ናቸው፤ ስፖርት ጥናትን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ፈተና ላይ ያለ ልጅ ላለው ወላጅ ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!