በንጥረ ነገሮች ስም እንቆቅልሽ ስለ ማስተማር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለተማሩ ሽማግሎች

እንቆቅልሽ የልጆች የማታ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ሊቈጠር አይገባውም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ አሳቡን ይሰበስባል፤ ቃሉን በልቡ ያገላብጣል፤ ስሙንም ከነገሩ ጠባይ ጋር ያመዛዝናል። ይህም የትምህርት ሁሉ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ይህ የአባቶች ጨዋታ ከባድ መስሎ በሚታየው በኬሚስትሪ ትምህርት እንዴት እንደሚያገለግል ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ «ንጥረ ነገር» የሚለው ቃል ራሱ ይፈታ። ሴቶች ቅቤ ያነጥራሉ፤ አንጥረኛም ወርቁን በእሳት አንጥሮ ከእድፍ ይለያል። ንጥረ ነገርም እንዲሁ ተነጥሮ ያለቀ ማለት ነው፤ በኬሚስትሪ ጥበብ ቢመረመር ከራሱ በቀር ሌላ አይገኝበትም። ወርቅ፥ ብር፥ መዳብ፥ ብረት፥ እርሳስ፥ ድኝ ከዚህ ወገን ናቸው። ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 118 ናቸው። ልጅ ይህን ሁሉ ስም በቃሉ ቢያጠናው ስሙን ይዞ ነገሩን ይስታል፤ በእንቆቅልሽ ቢማረው ግን ስሙና ነገሩ በልቡ አብረው ይቀመጣሉ።

1ኛ፤ ጠባይን ስለሚናገሩ ስሞች።

ከስሞቹ ብዙዎቹ በግሪክና በላቲን ቋንቋ የነገሩን ጠባይ ይናገራሉ፤ መምህሩ ትርጓሜውን ካወቀ እንቆቅልሹን ለመሥራት አይቸገርም።

«እሳት ሲነካው ውሃ የሚወልድ ማን ነው?» መልሱ ሃይድሮጅን ነው። ስሙ ውሃ አስገኚ ማለት ነው፤ ሲነድም ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃ ይሆናል።

«ወርቅ ሲፈልጉት የተገኘ፥ በጨለማ የሚያበራ ማን ነው?» መልሱ ፎስፎረስ ነው። በ1669 ዓ.ም. ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሐምቡርግ ሰው ወርቅ ለመሥራት ሲደክም ከሽንት አወጣው፤ ስሙም ብርሃን ተሸካሚ ማለት ነው።

«ብር ነው አይጠነክርም፤ ውሃ ነው አያርስም።» መልሱ ባዜቃ፥ ሜርኩሪ የሚሉት ነው። የላቲን ስሙም ውሃ ብር ማለት ነው። ነገር ግን እንፋሎቱ መርዝ ስለ ሆነ ይህ እንቆቅልሽ በቃል ብቻ ይነገር እንጂ ባዜቃው ወደ ክፍል አይግባ።

«ከሁላችን ጋር ይኖራል፤ ከማንም ጋር አይሠራም።» መልሱ አርጎን ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ አንድ እጅ ያህል እርሱ ነው፤ ከሌሎች ጋር መዋሐድን እንቢ ስለሚል በ1894 ዓ.ም. ያገኙት ሊቃውንት ሰነፍ ብለው ሰየሙት።

2ኛ፤ ፊደልን በመቍረጥ ስለሚሠራ እንቆቅልሽ።

«እናቲቱ አንዲት መንደር፥ ልጆቿ አራት፤ ስሟን ቈራርሳ ያካፈለቻቸው እነማን ናቸው?» በስዊድን አገር ከስቶክሆልም ከተማ አጠገብ ኢተርቢ የምትባል መንደር አለች። በ1787 ዓ.ም. ከድንጋይ ማውጫዋ አንድ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ተገኘ። ሊቃውንትም ይህን ድንጋይና የመሰለውን እየመረመሩ ያገኟቸውን አራት ንጥረ ነገሮች በመንደሪቱ ስም ኢትሪየም፥ ተርቢየም፥ ኤርቢየም፥ ኢተርቢየም ብለው ጠሯቸው። የመንደር ልጅ ይህን ሲሰማ የእርሱም መንደር ድንጋይ ሊመረመር እንደሚገባው ያስተውላል።

በራሳችን ፊደልም እንዲሁ መጫወት ይቻላል። «አንድ ፊደል ቢቀድመው ብዙ ሰው የሚያስማማ ማዕድን ምንድር ነው?» ብረት ነው፤ «ኅ» ቢቀድመው ኅብረት ይሆናልና።

3ኛ፤ ሰምና ወርቅ ስላለበት ስም።

«ከመዳፍ ላይ የሚቀልጥ ማዕድን፤ ሰሙ አገር፥ ወርቁ ዶሮ።» መልሱ ጋሊየም ነው። በ1875 ዓ.ም. ይህን ንጥረ ነገር ያገኘው ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ቧቦድራን ነው። ጋልያ የፈረንሳይ አገር የጥንት ስም ናት፤ ይህ ሰሙ ነው። ነገር ግን በላቲን ጋሉስ አውራ ዶሮ ነው፤ ለኮክ የሚለውም ስም በፈረንሳይኛ አውራ ዶሮው ማለት ነው። ስለዚህ «የራሱን ስም ሸሸገበት» ብለው አሙት፤ እርሱ ግን አገሬን አሰብሁ እንጂ ራሴን አላሰብሁም ብሎ ተከራከረ። ቅኔ የሚያውቁ ሽማግሎች ይህን ለልጆች ቢፈቱላቸው መልካም ነው።

4ኛ፤ ስለሚያስቱ ስሞች።

መምህር ሆይ፥ ከሁሉ ይልቅ ይህን ክፍል ልብ አድርገው ያስተምሩ። ስም ምስክር ነው፤ ምስክር ግን ይሳሳታልና መመርመር አለበት።

ኦክሲጅን ማለት አሲድ አስገኚ ማለት ነው። ላቯዚዬ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ ሊቅ አሲድ ሁሉ ይህ ንጥረ ነገር አለበት ብሎ ስለ አሰበ እንዲህ ሰየመው። ነገር ግን በ1810 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ከጨው የሚወጣው ብርቱ አሲድ ኦክሲጅን እንደሌለበት አስረዳ። ስሙ ጸንቶ ቀረ፤ ስሙን ያወጣው አሳብ ግን ወደቀ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከልጁ እጅ ላይ ነው። «ስሙ እርሳስ፥ ሥጋው የከሰል ወንድም፤ ሲጽፉበት የሚያልቅ።» የምንጽፍበት እርሳስ ግራፋይት ከሚባል ካርቦን ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ ይሠራል፤ እርሳስ የተባለው ማዕድን በውስጡ የለም። ማዕድኑ እርሳስ ግን በእውነት መርዝ ነው፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። እንግዲህ በስም ብቻ የሚሄድ ሰው መርዝ የሌለበትን መጻፊያ ፈርቶ፥ የአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ በቤቱ ምድጃ ሊያቀልጥ ይችላል። ስምን መመርመር ነፍስን እስከ ማዳን ይደርሳል የምንለው ስለዚህ ነው።

5ኛ፤ አገር ስጠኝ ስለ ማለት።

መልሱ የጠፋበት ልጅ በልማዳችን «አገር ስጠኝ» ይባላል። በዚህ ጨዋታ የሚሰጠው አገር በስሙ ንጥረ ነገር የተሰየመለት ይሁን፤ ጀርማኒየም ከጀርመን፥ ፍራንሲየም ከፈረንሳይ፥ ኒሆኒየም ከጃፓን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን የፖሎኒየም ነገር ልብ ይነካል። ማሪ ኩሪ በዋርሶ የተወለደች የፖላንድ ልጅ ነበረች። በ1898 ዓ.ም. ከባሏ ከፒየር ጋር በፓሪስ አዲስ ንጥረ ነገር ባገኘች ጊዜ አገሯ በሦስት ነገሥታት ተከፍላ በካርታ ላይ ስሟ አልነበረም። እርሷም ግኝቷን በአገሯ ስም ጠራችው። ፖላንድ ነፃነቷን ያገኘችው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1918 ዓ.ም. ነው።

የማስተማሪያው ሥርዓት ይህ ነው። መምህሩ በአንድ ቀን ከሦስት እንቆቅልሽ አያብዛ። መልሱን ያገኘ ልጅ «ስሙ ለምን እንዲህ ተባለ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ሁለተኛም «ስሙ እውነት ይናገራልን?» ይባል። እነዚህን ሁለቱን ያልመለሰ እንደ አወቀ አይቈጠርለት። በሳምንቱም መጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው እንቆቅልሽ ሠርተው ይምጡ፤ ሽማግሎችም ስለ አንጥረኛና ስለ ብረት ሠሪ ሥራ የሚያውቁትን ይጨምሩላቸው። በቃል የተያዘ ስም ገና ከምድር እንደ ወጣ ማዕድን ነው፤ በጥያቄ ሲነጠር ግን እውቀት ይሆናል።