ቆርኪ፣ ጠጠርና የጨርቅ ቁራጭ፦ ቀላል መጫወቻዎች በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ አንጻር

በሐረር ጁገል እምብርት የሚገኘው ጊደር መጋላ፣ ትርጉሙ «ትልቁ ገበያ»፣ ሐረሪኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ መደብ ዙሪያ የሚሰሙበት ስፍራ ነው። የዚህ ገበያ ልጆች በአንድ የእንግሊዝኛ ክፍል ሲሰበሰቡ መምህሩ አዲሱን ቃል ወደየትኛው ቋንቋ ይተርጉም? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በታችኛው ክፍል አፉን ሳይፈታ ያለፈ ተማሪ ኋላ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በፊዚክስና በታሪክም ነው።

ትርጉምን ትቶ ቁስን የቃል መነሻ ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ካሌብ ጋቴኞ «ጸጥተኛው መንገድ» በተሰኘው የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴው የተጠቀመው የቤልጂጉ መምህር ዦርዥ ኩይዜኔር ለሒሳብ ያዘጋጃቸውን፣ ከ1 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ ባለቀለም እንጨቶች ነው። ይኸው ሰው በ1957 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ኢትዮጵያ መጥቶ በአማርኛ ማንበብና መጻፍ ማስተማር ላይ መሥራቱ በመምህራን ሥልጠና ውስጥ ሊነሳ የሚገባው ነገር ነው። እንጨቶቹ ግን ግዢ ይጠይቃሉ። ቆርኪና ጠጠር በየደጁ አለ፤ ስሙን ከስፌት መኪና ድምፅ ያገኘው ማኪና ግርግር ደግሞ ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፍ ብጣሽ ጨርቅ አያጣም።

ይሁንና መጫወቻው በራሱ አያስተምርም። መምህሩ ቆርኪ አንሥቶ ስሙን ቢጠራ፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ቢደግም፣ ማንም ለማንም አዲስ ነገር አልነገረም። ንግግር የሚወለደው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ነው። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ፤ ለእያንዳንዳቸው 3 ቆርኪ፣ 2 ጠጠርና 1 ጨርቅ ይሰጥ። አንደኛው እንደፈለገ ይደርድር፤ ሌላው ሳያይ፣ በቃል ብቻ እየተመራ፣ ያንኑ ድርድር ይሥራ። «ኦን»ን ከ«አንደር» ያምታታ ተማሪ ስሕተቱን የሚያውቀው መምህሩ ሲያርመው ሳይሆን ሁለቱ ዞረው ድርድራቸውን ሲያስተያዩ ነው። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ክርክር ከጨዋታው ይልቅ ዋጋ አለው ማለት ይቻላል።

ገበያውም ራሱ ጨዋታ ይሰጣል። ሻጩ የመጨረሻ ዋጋውን፣ ገዢው የያዘውን የጠጠር ብዛት ይደብቃሉ፤ ጠጠሩ ብር ነው። «ሃው ማች?» ብሎ የጀመረ ልጅ ሳይከራከር አይቀርም፤ የገበያ ልጅ ነውና። ክርክሩ ሲግል ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ቢያፈተልክ መምህሩ ባይደነግጥ መልካም ነው፤ የመጨረሻው ዋጋ በእንግሊዝኛ ካልተነገረ ግን ሽያጩ አይጸናም።

በሥልጠናዎች ዘወትር የሚወደሰው የቡድን ውድድር ተማሪ በበዛበት ክፍል ያለው ጥቅም ውስን ነው፤ አንዱ ሲናገር ቀሪዎቹ ያጨበጭባሉ። የጥንድ ጨዋታ ያንጫጫል፤ አጎራባቹን ክፍል እንዳይረብሽ በሹክሹክታ ማስኬድ ይቻላል። የቆርኪው ጠርዝም እጅ እንዳይቆርጥ አስቀድሞ በድንጋይ ይቀጥቀጥ።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ የሚመቸው ጥያቄ ተማሪዎቹ ጨዋታውን ወደዱት ወይስ አልወደዱትም የሚለው አይደለም። መለካት ያለበት እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ በራሱ ተነሣሽነት በእንግሊዝኛ እንደተናገረ፣ ይህም ቁጥር መረጃው ሲደበቅና ሳይደበቅ እንዴት እንደሚለያይ ነው።